ስለ አለባበስ ጨዋነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሴቶች አለባበስ ነው። ይህን ስናገር አንዳንዱ አባወራ ልጆቹ እንዲሰሙለት ራዲዮኑን ከፍ እንደሚያደርግ፣ አንዳንዲቱም ልጅ ነገሩ የታወቀ ነው ብላ ከክፍሉ ለመውጣት እንደምትነሣ ዐውቃለሁ። አባወራው ጥቂት ይታገሥ፤ ልጂቱም ጥቂት ትቀመጥ። ምናልባት ሁለቱም የጠበቁትን አይሰሙ ይሆናል።

ልብስ ከየት እንደ መጣ በማሰብ እንጀምር። አባቶቻችን ሲያስተምሩ፣ አዳምና ሔዋን በገነት ሳሉ ልብሰ ብርሃን ለብሰው ነበር ይላሉ። ትእዛዙን በተላለፉ ጊዜ ያ ጸጋ ተለያቸው፤ ዕራቁታቸውን መሆናቸውንም ስላወቁ የበለስ ቅጠል ሰፍተው አገለደሙ፤ በዛፎችም መካከል ተሸሸጉ። እግዚአብሔር ጠራቸው፤ መረመራቸው፤ ፈረደባቸው። ነገር ግን ከገነት ሳያስወጣቸው በፊት ያደረገውን ነገር ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን። የቍርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው። እንግዲህ በዓለም የመጀመሪያው ልብስ ሰፊ እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ያለበሰውም ሁለት የበደሉ፣ ያፈሩና የፈሩ ሰዎችን ነው። ዕራቁትነታቸውን በመላእክት ፊት መዘባበቻ አላደረገውም። ሸፈነላቸው እንጂ። ስለዚህ ልብስ ሕግ ከመሆኑ አስቀድሞ ምሕረት ነበረ። ይህን አንድ ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ሴቶች አለባበስ በተነሣ ጊዜ ሁሉ የሚጠቀሱ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ነው፤ ሁለተኛውም በቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ ነው። ሁለቱም ሐዋርያት ክርስቲያን የሆነች ሴት ጌጧ ከውስጥ እንዲሆን ያስተምራሉ። ነገር ግን የከለከሏቸውን ነገሮች አንድ ባንድ እንቍጠራቸው። የፀጕር ሽሩባ፣ ወርቅ፣ ዕንቍ፣ ዋጋው የከበረ ልብስ። በዚህ ቍጥር ውስጥ የቀሚስ ርዝመት በክንድ አልተለካም። ሐዋርያት በመጀመሪያ የጠሩት ገንዘብ የሚያስወጣውን ነገር ነው።

ለምን ይህን አሉ? ጢሞቴዎስ በዚያን ጊዜ የነበረው በኤፌሶን ነው። ኤፌሶን የአርጤምስ ታላቅ ቤተ ጣዖት የነበረባት፣ የባሕር ንግድም ያበለጸጋት ከተማ ነበረች። በምእመናኑ ጉባኤ ባለጸጋውና ባሪያው፣ እመቤቲቱና ገረዲቱ በአንድነት ይቆሙ ነበር። የዚያ ዘመን ጌጥ ምን ያህል እንደ ነበረ እናውቅ ዘንድ ፕሊኒ የተባለው የሮም ጸሐፊ የመዘገበውን ልንገራችሁ። ካሊጉላ የተባለው ቄሣር ሚስት የነበረችው ሎሊያ ጳውሊና፣ ለታላቅ በዓል እንኳ ሳይሆን ለተራ የመተጫጨት ግብዣ፣ ራሷን፣ ጆሮዋን፣ አንገቷንና ጣቶቿን በመረግድና በዕንቍ ሸፍና እንዳያት ይናገራል። ዋጋውም 40 ሚሊዮን ሴስተርስ ነበረ ይላል። በዚያ ክፍለ ዘመን የአንድ እግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ 900 ሴስተርስ ነበር። አስሉት፤ ከ44 ሺህ በላይ ወታደሮች በዓመት የሚያገኙት ደመወዝ በአንዲት ሴት ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ግብዣ ገባ ማለት ነው። ሀብቱም አያቷ ከየአውራጃው በዝርፊያ ያካበተው እንደ ነበረ ያው ጸሐፊ አልሸሸገም። ይህች ሴት ገላዋ ይገለጥ ወይም ይሸፈን አልተጻፈም። ምናልባት ከራስ ፀጕሯ እስከ እግር ጥፍሯ የተሸፈነች ነበረች። ነገር ግን ሐዋርያው የሚጠራው ጨዋነት በእርስዋ ዘንድ አልነበረም።

ነቢዩ ኢሳይያስም በ3ኛው ምዕራፍ የጽዮንን ቈነጃጅት ጌጥ እየዘረዘረ ይገሥጻል። ይህን ክፍል ለሴቶች ተግሣጽ የሚያነቡ ሰባክያን ብዙ ናቸው። ከዚያ ምዕራፍ ጥቂት ከፍ ብለው ግን አያነቡም። ነቢዩ ወደ ሴቶቹ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎችንና አለቆችን ይከሳቸዋል፤ ከድኻ የተዘረፈው በቤታችሁ አለ፣ የችግረኛውንም ፊት ትፈጫላችሁ ብሎ ይወቅሳቸዋል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ የዘረፈው ባል፣ ቀጥሎ በዘረፋው ያጌጠችው ሚስት። እኛ ግን ፊተኛውን ትተን ኋለኛውን ብቻ ስናነብ ስንት ዘመን ኖርን!

ይህን ስል ገላን ማጋለጥ ነውር የለበትም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ሐዋርያው ስለ እፍረትና ራስን ስለ መግዛት ተናግሯል፤ ይህም ቃል የዋዛ አይደለም። ነገር ግን እፍረት ማለት የገዛ አካልን መጥላት አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የሚሸፈነው ምንድን ነው? ታቦቱ በመጋረጃ ውስጥ ነው፤ ጻሕሉና ጽዋው በማኅፈድ ይሸፈናሉ። የሚሸፈኑት የረከሱ ስለ ሆኑ ነውን? አይደለም፤ የከበሩ ስለ ሆኑ ነው። የሰው አካልም በጥምቀት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሆኗል፤ በሜሮን ታትሟል፤ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ክብሩን ያወቀ ሰው አካሉን ለሚያልፈው ሁሉ ዓይን አይበትነውም። ሴት ልጁን «ተሸፈኚ» የሚል አባት ሁሉ አስቀድሞ «አንቺ የከበርሽ ነሽ» ብሎ ነግሯት እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። ክብሯን ሳይነግራት መሸፈኗን ብቻ ያዘዛት እንደ ሆነ፣ ልጂቱ የምትማረው አካሏ ነውር መሆኑን ብቻ ነው፤ ከቤት በወጣች ጊዜም ያንን ትምህርት ከነጠላዋ ጋር ትጥለዋለች።

በልጃገረዶች ዘንድ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ስለ ሱሪ ነገር አለ። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ወንድ የሴትን፣ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ ተከልክሏል። በዚያ ዘመን ግን ወንዱም ሴቱም ረጅም ልብስ ይለብሱ እንደ ነበረና ልዩነቱ በሌላ ምልክት ይታወቅ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በፋብሪካና በእርሻ ስለ ሥራዋ ሱሪ የምትለብስ ሴት አለች፤ ስለ እርስዋ በአየር ላይ ፍርድ ልሰጥ አልነሣሁም፤ የነፍስ አባቷን ትጠይቅ። ወደ ቤተ እግዚአብሔር ስንገባ ግን እናቶቻችን ያቈዩልን ሥርዓት ቀሚስና ነጠላ ነው፤ ይህም መልካም ሥርዓት ነው።

ስለ ነጠላ አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላ የሚናገር ልብስ ነው። ሐዘን የደረሰባት አዘቅዝቃ ትለብሰዋለች፤ ባየናት ጊዜ ሳንጠይቅ እናውቃለን። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው መስቀለኛ ታጣፋዋለች፤ ከፊቷም ከኋላዋም የመስቀል ምልክት ይታያል። ጥጡን የዳመጠችው፣ ያባዘተችውና በእንዝርት የፈተለችው ሴት ናት፤ ድሩን ዘርግቶ ማጉን የወረወረው ሸማኔ ወንድ ነው። የባልና የሚስት ያህል የሁለት ሰው ድካም በአንድ ነጠላ ውስጥ አለ። ከባዕድ የመጣውን ጨርቅ ሁሉ መናቅ አይገባም፤ ይህን የመሰለውን ግን ማቃለል ትልቅ ድንቍርና ነው።

አሁን ስለ ራሴ በደል ልናገር። ይህን ትምህርት ልሰጥ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ደብር፣ ወር በገባ በ21 ቀን፣ በእመቤታችን በዓል፣ ገና ሳይነጋ በቅጽሩ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሕዝቡ እየተሳለመ ይገባል። በመካከላቸው ዕድሜዋ ከዐሥራ ሰባት የማይበልጥ አንዲት ልጅ መጣች። ነጠላ ለብሳለች፤ ቀሚሷ ግን ከጕልበቷ በላይ ነበር። እኔም ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይህ የጭፈራ ቤት መሰለሽን?» አልኋት። ልጂቱ ደነገጠች። ጕልበቷን ልትሸፍን ነጠላዋን ወደ ታች ሳበችው፤ ያን ጊዜ ከራሷ ላይ ወረደ። ራሷን ልትከናነብ ወደ ላይ ሳበችው፤ ያን ጊዜ ጕልበቷ ተገለጠ። እንዲህ ሁለት ጊዜ አደረገች። ከዚያ በኋላ በሩን ሳትሳለም ተመለሰች። ከቆሙት ወንዶች አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዱም «ደግ አደረጉ አባ» አለኝ። እኔም ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ገባሁ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ በበሩ ሥር ጧፍ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ጠሩኝ። እኒህ ሴት ከእኔ በፊት ጀምሮ በዚያ በር የተቀመጡ ናቸው፤ የደብሩን አለቃም ቢሆን አይፈሩም።

«አባ፣ ያችን ልጅ ያውቋታል?» አሉኝ።

«አላውቃትም፣ እናቴ» አልኋቸው።

«ከዚያ ማዶ ካለው ግቢ በቤት ሠራተኝነት ያለች ናት። ቀሚሱ የእመቤቷ ልጅ የጣለችው ነው፤ ለእርስዋ አጥሯል፤ ሌላ የላትም። ደመወዟን ለወንድሞቿ ትምህርት ወደ አገር ቤት ትልካለች። ነጠላዋንም ከእኔው ተውሳ ነው የመጣች። እናቷ ታማባት ለእመቤታችን ልትነግር ነበር።»

ዝም አልሁ። ባልቴቲቱ ግን አልጨረሱም። «አባ፣ እርስዎ ቀሚሷን አዩ፤ እኔ ደግሞ እግሯን አየሁ። ባዶ እግሯን ነበረች» አሉኝ።

ምእመናን ሆይ፤ ወደዚያ ግቢ ሄጄ ነበር። እናቷ እንደ ሞተችና ልጂቱም ወደ አገሯ እንደ ሄደች ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ያን ቀን በቤቴ ተቀምጬ ቀድሞ የነገርኋችሁን አሰብሁ። እግዚአብሔር አዳምንና ሔዋንን ከገነት ሲያስወጣ እንኳ አልብሶ ነው ያስወጣቸው። እኔ ግን ልትገባ የመጣችውን፣ ሳላለብስ፣ በዕራቁትነቷ ሰድቤ መለስሁ። ሕጉን ጠብቄ የሕጉን አባት ሳትሁ።

የእኔ ዓይነት ስሕተት የእኔ ብቻ ሆኖ ቢቀር መልካም ነበር። በ1960 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የልብስ ትርኢት ተደርጎ ነበር፤ ያ ጊዜ አጭር ቀሚስ በከተማው የገባበት ጊዜ ነበር። ተማሪዎች የባዕድ ልማድ ነው፣ አገሩ ተርቦ ሳለ ይህ ቅንጦት ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሁከትም ተነሣ፤ ለትርኢቱ የመጡ ሴቶችም ተዋረዱ። ቅንጦትን መቃወማቸው ሊመሰገን ይችል ነበር። ነገር ግን የባዕድ ልብስ ብለው ከጮኹት ወጣቶች አብዛኞቹ ኮትና ሱሪ የለበሱ ነበሩ፤ ኮትና ሱሪም ከላሊበላ አልመጣም። የአገር ክብር በወንድ ልጅ ኮት ያልተጓደለ ከሆነ፣ በሴት ልጅ ቀሚስ ብቻ እንዴት ይለካል? ዛሬም በየመንደሩ በሴት ልጅ ልብስ ላይ ቃል የሚወረውር ጐልማሳ፣ ሃይማኖትን የሚጠብቅ መስሎት ከሆነ፣ ጌታ በተራራው ስብከት ያለውን ይስማ። ሴትን ተመኝቶ የሚያይ ሰው በልቡ አመንዝሯል ካለ በኋላ መድኃኒቱን ለማን አዘዘ? ዓይንህ ብታሰናክልህ የራስህን ዓይን አውጣ አለ እንጂ እርስዋን አሳድዳት አላለም።

ቀደምት አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለ ክርስቲያን ኑሮ በጻፈው መጽሐፍ የሴቶችን ጌጥ ገሥጿል፤ ነገር ግን ለመዋብ ፀጕራቸውን የሚያስነቅሉ ወንዶችንም ምዕራፍ ሰጥቶ ዘልፏቸዋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ398 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ መንበር በተቀመጠ ጊዜ ስለ ባለጸጎች ሴቶች ወርቅ በድፍረት አስተማረ፤ በዚያው አንደበት ግን ወንዶቹ ለፈረሶቻቸው የወርቅ ልጓም ሲያበጁ ክርስቶስ በድኻው አካል በብርድ እንደሚንቀጠቀጥ ነገራቸው። ያ ድፍረት ዋጋ አስከፈለው፤ በ403 ዓ.ም. ተሰደደ፤ ከተመለሰ በኋላ በ404 ዓ.ም. ዳግመኛ ተጋዘ፤ በ407 ዓ.ም. በስደት ሳለ ዐረፈ። ከጐኑ ካልተለዩት አንዲቱ ኦሎምፒያስ የተባለችው ዲያቆናዊት ነበረች። ከከተማው ታላላቅ ባለጸጎች አንዲቱ ሳለች ሀብቷን ለቤተ ክርስቲያንና ለድኆች ሰጥታ፣ ራሷ እንደ ድኻ ለብሳ ኖረች። እርስዋን ያከበራት የጨርቁ ርካሽነት አይደለም፤ በጨርቁ ፈንታ የለበሱት ሰዎች ናቸው።

እኛም ዘንድ ይህ ነገር አለ። ለአንድ ቀን ሰርግ ቬሎ በብድር ይገዛል፤ ዕዳው ሙሽሮቹ ልጅ እስኪወልዱ ይከፈላል። ለትንሣኤ አዲስ ጥበብ ቀሚስ ሳይኖራት ከጎረቤቶቿ ጋር መቆም አፍራ፣ ሌሊቱን ቤቷ ተቀምጣ ደወሉን ከሩቅ የምትሰማ እናት አለች። የአንዷ ጥልፍ የሌላዪቱን እግር ከቤተ ክርስቲያን አስቀረ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ጥልፉ ጕልበትን አይገልጥም፤ ነገር ግን በሐዋርያው ሚዛን የትኛው ልብስ የበለጠ ጨዋነት እንደ ጐደለው እናንተው መዝኑት። ሐዋርያው ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ያደረገ፣ ያማረ ልብስ የለበሰ ሰው ሲገባ መልካሙን ስፍራ ሰጥተን፣ ያደፈ የለበሰውን ድኻ ከእግራችን በታች ብናስቀምጥ አድልዎ መሆኑን አስተምሮናል። እርሱ የጠቀሰውም ወንድን ነው።

ለእናንተ ለወጣቶቹ እኅቶች ግን እውነቱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በየመዳፋችን በያዝነው መስተዋት መሰል ስልክ ላይ፣ ሴት ልጅ ዋጋዋ ሰው እንዳያት መጠን ነው የሚል ትምህርት ሌት ተቀን ይሰበካል። ያ ስብከት ከእኔ ስብከት የበለጠ ሰሚ አለው። የሚነግድባችሁን ሰው የሚያፈቅራችሁ አድርጋችሁ አትቍጠሩት። በማለዳ ልብሳችሁን ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ይህን የምለብሰው በደስታ ነውን፣ ወይስ ካልታየሁ የለሁም በሚል ፍርሃት? በፍርሃት የሚለበስ ልብስ ረጅምም ቢሆን አጭርም ቢሆን ባርነት ነው። እናቶችም ልጃችሁን በሰው ፊት አታዋርዷት። ለብቻዋ ጥሯት፤ ፀጕሯን እየሠራችሁ ንገሯት። በልጅነቴ እናቴ ለእኅቶቼ ቁም ነገር የምትነግራቸው ፀጕራቸውን ስትሠራ ነበር፤ ያን ጊዜ መሮጥ አይቻልምና።

በሐዋርያት ሥራ በ9ኛው ምዕራፍ በኢዮጴ ስለ ነበረችው ስለ ጣቢታ ተጽፏል። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ በጴጥሮስ ፊት ቆሙ፤ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስም አሳዩት። ስለ ሴትና ስለ ልብስ በአዲስ ኪዳን ከተጻፈው ሁሉ እኔ ይህን እወዳለሁ። ጣቢታ ራሷ ምን ትለብስ እንደ ነበረ አልተጻፈም።

በደብራችን በር፣ በእኒያ ጧፍ ሻጭ ባልቴት ጎጆ ውስጥ፣ አሁን በችንካር ላይ የተሰቀሉ ንጹሕ ነጠላዎችና ሦስት ረጃጅም ቀሚሶች አሉ። ምእመናት ከየሣጥናቸው አውጥተው ሰጡን። ያጠረባት ወይም የሌላት ሴት ስትመጣ ማንም ምንም አይጠይቃትም፤ ባልቴቲቱ ያለብሷታል፤ ስትወጣ ትመልሳለች። ሁለት ነጠላ ጠፍቶብናል። ስለ ጠፉት ለባልቴቲቱ ስነግራቸው «አልጠፉም አባ፤ ተለብሰው ነው» አሉኝ። በየደብሩ ያላችሁ እናቶች ይህን ማድረግ ብትፈልጉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ችንካርና የማይቈጡ አንድ ባልቴት ይበቃሉ። ለበር ጠባቂዎቹም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እነርሱን ማስተማር ነጠላ ከመሰብሰብ ይልቅ ያስቸግራል።

ያች ልጅ እስካሁን አልመጣችም። ምናልባት ይህ ድምፅ በአንድ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወይም በገጠር በአንድ ደጃፍ ትሰሚው ይሆናል። ልጄ ሆይ፤ በዚያ ማለዳ የሰደብሁሽ ቄስ እኔ ነኝ። በሰው ፊት አዋርጄሽ ነበርና በሰው ፊት ይቅር በዪኝ እላለሁ። የእናትሽን ስመ ክርስትና ስለማላውቅ በጸሎት ጊዜ «የዚያች ልጅ እናት» ብዬ አስባታለሁ። ወር በገባ በ21 ቀን፣ ሳይነጋ፣ በዚያው በር ላይ ነኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።